ሜዲኬር ለሁሉም እና የመመረጥ ዕድል፦ ሐዋሳ ላይ ለሚዘጋጅ የክርክር መድረክ

የአሜሪካ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደርለትን ዕጩ በመረጠበት እ.ኤ.አ. የ2020 ቅድመ ምርጫ በርኒ ሳንደርስና ኤልዛቤት ዋረን የግል መድንን የሚተካ አንድ የመንግሥት የጤና መድን ለሁሉም ይሁን አሉ፤ «ሜዲኬር ለሁሉም» የሚባለው ይህ ነው። ጆ ባይደን፣ ፒት ቡቲጀጅና ኤሚ ክሎቡሻር ደግሞ የግሉ መድን ይቆይ፣ የፈለገ ሰው የመንግሥቱን ይግባበት አሉ። ከዚህ ጎን ለጎን «ትራምፕን ማን ያሸንፋል?» የሚለው የመመረጥ ዕድል ጥያቄ ነበር። ይህን ርዕስ የሚያነሳ የሐዋሳ ክበብ በመጀመሪያ ሁለቱን ጥያቄዎች መለየት አለበት። ካልተለዩ አንዱ ቡድን ስለ ታካሚ ሲናገር ሌላው ምርጫውን ስለሚወስኑት እንደ ሚሺጋን ያሉ ግዛቶች ይናገራል፤ ማን ለማን እንደመለሰ ሳይታወቅም አዳራሹ ይበተናል።

የመከራከሪያ ሐሳቡን እንዲህ ጻፉት፦ «ይህ ጉባኤ በ2020 የዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ድምፅ ቢኖረው ሜዲኬር ለሁሉምን ለሚደግፍ ዕጩ ይሰጥ ነበር።» ከየቡድኑ ሦስት ተናጋሪ፣ ለእያንዳንዱ 6 ደቂቃ ይበቃል። የመጀመሪያው ስለ ጤና ፖሊሲው ብቻ፣ ሁለተኛው ስለ መመረጥ ዕድል ብቻ ይናገር፤ ሦስተኛው አዲስ ነጥብ ሳያነሳ ለተቃራኒው ቡድን መልስ ይስጥ። ከእያንዳንዱ ንግግር በኋላ 2 ደቂቃ ለጥያቄ ከተያዘ ዋናው ክርክር በ48 ደቂቃ ያልቃል። ቅዳሜ 8 ሰዓት ከተጀመረ ታዳሚው 15 ደቂቃ አስተያየት ሰጥቶ እንኳ ከ10 ሰዓት በፊት ይጠናቀቃል። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ አትማችሁ ለታዳሚው አድሉ፤ መብራት ቢጠፋም ፕሮጀክተር አትጠብቁም።

ብዙ ክርክር የሚበላሸው ትርጉም ላይ ነው። የጤና መድን ሲባል የሐዋሳ ታዳሚ ቀድሞ የሚያስበው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንን ነው፤ ቤተሰብ ይመዘገባል፣ በዓመት መዋጮ ይከፍላል፣ መክፈል ለማይችለው መንግሥት ይሸፍናል። የሳንደርስ ዕቅድ ግን መዋጮ የለውም፤ ገንዘቡ ከታክስ ይመጣል፣ ሽፋኑም ሁሉንም ነዋሪ ይይዛል። ሆስፒታሎችን ግን የመንግሥት ንብረት አያደርግም። ሐኪሙም ሆስፒታሉም ባሉበት ይቆያሉ፣ የሚቀየረው ከፋዩ ነው። ስለዚህ ከእንግሊዝ ይልቅ ለካናዳ ይቀርባል። ሰዓት ያዡ መቁጠር ከመጀመሩ በፊት ዳኛው ይህንን በ5 ደቂቃ ያስረዳ። ከ1965 ጀምሮ ያለው ሜዲኬር በዋናነት ዕድሜያቸው 65 ለደረሱ፣ ሜዲኬይድ ደግሞ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች እንደሆነ፣ ግማሽ ያህሉ አሜሪካዊ በአሠሪው በኩል መድን እንደሚያገኝ፣ በ2019 ደግሞ 26 ሚሊዮን ገደማ ሰው ምንም መድን እንዳልነበረው ይጨምርበት።

በወጪ ጉዳይ ተቃዋሚው ቡድን 34 ትሪሊዮን ዶላር የሚለውን ቁጥር መምዘዙ አይቀርም። ይህ ኧርባን ኢንስቲትዩት የተባለ የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ2019 ያወጣው ግምት ሲሆን የፌዴራል መንግሥቱ ወጪ በ10 ዓመት ምን ያህል እንደሚጨምር ያሳያል። «በ10 ዓመት» የሚለውን የዘለለ ተናጋሪ ነጥብ ይቀነስበት። ደጋፊው ደግሞ ከዚህ አብዛኛውን ዛሬም ቤተሰብና አሠሪ በአረቦንና በሕክምና ክፍያ እያወጡት መሆኑን ማሳየት አለበት፤ ክርክሩ ያለው ገንዘቡ በማን ኪስ በኩል ያልፋል፣ ማን ይጎዳል፣ ማንስ ይጠቀማል የሚለው ላይ ነው። ዋረን ያቀረበችው ስሌት 20.5 ትሪሊዮን ነበር። ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት ለሆስፒታልና ለመድኃኒት የሚከፈለው ዋጋ ምን ያህል ይወርዳል የሚለው ግምት ነው፤ ጎበዝ ተከራካሪ ጥያቄውን እዚያ ላይ ያነጣጥራል።

የሕዝብ አስተያየት ጥናት የሚጠቅስ ሰው የጥያቄውን አቀራረብ አብሮ ያንብብ። የጤና ፖሊሲ የሚያጠናው የካይዘር ፋውንዴሽን በጥር 2019 ባደረገው ጥናት ሐሳቡን 56 በመቶው ደግፏል። የግል መድን ኩባንያዎችን እንደሚያስቀር ሲነገራቸው ድጋፉ ወደ 37 ወረደ፤ የጤና መድንን ለሁሉም መብት እንደሚያደርግ ሲነገራቸው ወደ 71 ወጣ። ሁለቱም ቡድኖች ከዚህ የሚጠቅማቸውን ብቻ ቆርጠው ያቀርባሉ፣ ዳኛው ሦስቱንም ቁጥር ይያዝ።

የመመረጥ ዕድል ላይ ጠበቅ ማለት ያስፈልጋል፤ ባዶ ወሬ የሚበዛው እዚህ ነው። «ሰው አይመርጠውም» ያለ ተናጋሪ ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ የትኛው መራጭ? በየትኛው ግዛት? በምን ማስረጃ? ፕሬዚዳንት ለመሆን 270 የኤሌክቶራል ኮሌጅ ድምፅ፣ ማለትም በየግዛቱ ከተመደቡት ድምፆች 270ው ያስፈልጋል፤ በ2016 ምርጫውን የወሰኑት ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲንና ፔንሲልቬንያ ሲሆኑ በሦስቱ ያለው ልዩነት ተደምሮ ከ80,000 ድምፅ በታች ነበር። ስለዚህ አገር አቀፍ ጥናት ብቻውን በቂ አይደለም። «አይመረጥም ስለሚባል አይመረጥም» የሚለው ዙሪያ ጥምጥም አነጋገር ነጥብ አይሰጠው።

ከቅድመ ምርጫው ሁለቱንም ወገን የሚፈትን ማስረጃ አለ። በኔቫዳ ጠንካራው የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኞች ማኅበር አባላቱ ታግለው ያገኙትን መድን እንዳያጡ ዕቅዱን ተቃውሞ ነበር፤ ሳንደርስ ግን ግዛቱን አሸነፈ። በሌላ በኩል በአዮዋና በኒው ሃምፕሻየር ከተጠየቁት የዴሞክራት መራጮች ከግማሽ በላዩ አንድ የመንግሥት መድንን ቢደግፉም አብዛኞቹ ከሐሳብ ስምምነት ይልቅ ትራምፕን የሚያሸንፍ ዕጩ እንደሚያስቀድሙ ተናግረዋል። ባይደን ሳውዝ ካሮላይናን ካሸነፈ በኋላ ቡቲጀጅና ክሎቡሻር ከውድድሩ ወጥተው ደገፉት፤ መጋቢት 3 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) በዚያ ቀን ድምፅ ከሰጡት 14 ግዛቶች 10ሩን ወሰደ። ደጋፊው ቡድን ይህ የፖሊሲው ሽንፈት አይደለም ብሎ መከራከር ይችላል፤ ተቃዋሚው ደግሞ መራጩ ራሱ ያመዛዘነው ነው ይላል። ጥሩ ክርክር የሚገኘው እዚህ ነው፣ ሰዓት ቆጥቡለት።

አንድ ነጥብ በተደጋጋሚ ይረሳል፦ ፕሬዚዳንት ብቻውን ሕግ አያወጣም። በሴኔት አብዛኛውን ሕግ ለድምፅ ለማድረስ ከ100 አባላት የ60ዎቹ ድጋፍ ያስፈልጋል። ደጋፊው ቡድን ይህን ካልመለሰ ሦስተኛ ተናጋሪው ይቸገራል።

ለድምፅ አሰጣጡ ለእያንዳንዱ ታዳሚ ሁለት ወረቀት ስጡ፤ አንዱ «ዕቅዱ ጥሩ ነው?»፣ ሌላው «ደጋፊው ዕጩ ያሸንፍ ነበር?» የሚል። ከክርክሩ በፊትና በኋላ አስሞልታችሁ አወዳድሩ፤ አሸናፊው በሁለቱ ጥያቄዎች ተደምሮ ብዙ ሰው ያስቀየረው ቡድን ነው።