ሃልሽታት ስትሄዱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ሃልሽታት በኦስትሪያ ተራሮችና በሐይቅ መሃል የተጣበቀች ሚጢጢ መንደር ናት። ነዋሪዋ 800 አይሞላም። በሐምሌና በነሐሴ ግን በአንድ ቀን እስከ 10,000 እንግዳ ይጎርፍባታል።

የመጀመሪያው ስህተት በአንድ ቀን ደርሶ መልስ መሄድ ነው። አስጎብኚ አውቶቡሶቹ ረፋዱ ላይ ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ ያቺ ጠባብ መንገድ ከበዓል ዋዜማ መርካቶ አትተናነስም። ዋጋው ቢቆነጥጥም አንድ ሌሊት እደሩ። ማለዳ ጉሙ ከሐይቁ ላይ ሳይነሳ ብትወጡ ከዳክዬዎቹ በቀር የሚጋፋችሁ የለም።

ባቡር ጣቢያውን መንደሩ ውስጥ የሚፈልግም ብዙ ነው። ጣቢያው ከሐይቁ ማዶ ነው፤ በጀልባ ትሻገራላችሁ። ማታ ላይ ባቡር ቢኖርም ጀልባ ላይኖር ስለሚችል የመጨረሻዋን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ሰሌዳው ላይ 18 ሰዓት ማለት በእኛ ማታ 12 ነው። ከሐበሻ ጓደኛ ጋር ስትቃጠሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ተነጋገሩ፣ አለበለዚያ አንዳችሁ ማዶ መቅረታችሁ ነው።

ከሁሉም የሚያስቀይመው ግን መንደሯን እንደ ፊልም መቅረጫ ማየት ነው። የሰው በረንዳ ላይ መውጣት፣ በመስኮት ማጮለቅ፣ ድሮን ማስነሳት። ቻይናዎች በ2012 እ.ኤ.አ. በጓንግዶንግ ቅጂዋን ሠርተዋል፤ እዚያ እንደልባችሁ። እዚህ ግን ሰው ይኖራል። በ2023 ሰልፊ የሚበዛበት ቦታ ላይ በእንጨት አጥር እይታውን ጋርደውት ነበር። ወቀሳው ሲበዛባቸው አነሱት። በዚያው ክረምት ነዋሪዎቹ ራሳቸው የእንግዳውን ብዛት ተቃውመው ሰልፍ ወጡ። እኔ አልፈርድባቸውም።

የመንደሯን የጨው ማዕድን ማውጫ ለማየት የምትገቡ ደግሞ ጃኬት አትርሱ። ውጭው ቢያቃጥልም ውስጡ 8 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ፎቶ ብቻ አንስቶ የሚመለስ ሰው ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለውን የአጽም ቤት ያልፈዋል። መቃብሩ ጠባብ ስለነበር አጽሙን እያወጡ፣ አጽድተው፣ የራስ ቅሉ ላይ አበባና ስም እየሳሉ ያስቀምጡት ነበር። ከ1,200 በላይ የራስ ቅል አለ፤ ግማሽ ያህሉ የተሳለበት ነው። የመጨረሻው በ1995 እ.ኤ.አ. የገባ የአንዲት ሴት ነው። የወርቅ ጥርሷ አሁንም ይታያል።