አሮጌ መኪናዎ ቤንዚን ሲበዛባት፦ ካርቡራተሩን ከማስፈታትዎ በፊት

«ቤንዚን ጨረሰችኝ» ብለው ጋራዥ ከገቡ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚፈታው ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተሩ ነው። እኔ ግን መጨረሻ ላይ ይነካ ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ይለኩ። ነዳጅ ሞልተው ያስቀዱ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቁጥር ይጻፉ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ እዚያው ማደያ ተመልሰው እንደገና ያስሞሉ። የሄዱትን ኪሎ ሜትር ሁለተኛ በቀዱት ሊትር ያካፍሉ። ከእኛ ከተማ ከጎንደር ደባርቅ ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 23 ሊትር ከጠጣች በሊትር 8.7 ኪሎ ሜትር ሄደች ማለት ነው። የከተማውንና የአገር አቋራጩን ለየብቻ ይያዙ፤ ፒያሳና አራዳ መካከል ሲንፏቀቅ የዋለ መኪና ከደባርቁ ጋር አይወዳደርም።

ማታ ከሞተሩና ከነዳጅ መያዣው ሥር ካርቶን አንጥፈው ይደሩ። ጠዋት ካርቶኑ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ፍለጋው እዚያው አበቃ። የጎማውን ነፋስ ደግሞ ሳይሞቅ፣ በበሩ ጠርዝ በተለጠፈው ቁጥር ልክ ያስሞሉ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ፍሬን ነው። የእኔዋ ካርቡራተሯ ሁለት ጊዜ ታጥቦ እንኳ አልተሻላትም ነበር። አንድ ቀን ከአዘዞ ስመለስ ቤት ደጃፍ አቁሜ መዳፌን ወደ አራቱም ቸርኬዎች አስጠጋሁ፤ ሦስቱ ለብ ብለዋል፣ የኋላው ቀኝ ግን ይፋጃል። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ዝጎ አልለቅ ብሎ ኖሯል። እርስዎም ፍሬን ብዙ ሳይረግጡ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው እንዲህ ይፈትኑ፤ በቀጥታ ግን አይንኩ፣ ያቃጥላል። አንዱ ከሌሎቹ ከበለጠ በክሪክ አንሥተው በእጅ ያሽከርክሩት።

ቀጥሎ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ያስፈቱ። ጫፋቸው ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ቃጠሎው ደኅና ነው። ጥላሸት የመሰለ ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፤ በዘይት ከራሰ ችግሩ ከነዳጅ ያለፈ የሞተር እርጅና ነው። ጥቁር ካዩ የአየር ማጣሪያውን አውጥተው ወደ ፀሐይ ይያዙት፤ ብርሃን ካላሳለፈ ይቀይሩት። የበጋ አቧራችን ማጣሪያ ቶሎ ይደፍናል።

የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት መኖሩንም ይጠይቁ። «እንዳትሞቅ» ተብሎ ተነቅሎ የተጣለባቸው መኪኖች ሞልተዋል። በጎንደር ቅዝቃዜ እንዲህ ያለ ሞተር ሙቀቱን ሳያገኝ ይውላል፣ ነዳጅም ይበላል። ለጥቂት ብር ዕቃ ብሎ ዓመት ሙሉ ቤንዚን ማፍሰስ አይገባኝም።

አሁን ካርቡራተሩ ይታይ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ በባሕር ወለል ደረጃ ካለ አገር አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ካርቡራተር ይህን ለይቶ ቤንዚኑን አይቀንስም። ስለዚህ ለቆላ ተስተካክሎ መተማ ሲሠራ የኖረ መኪና እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ማርሚታውም ጥላሸት ይተፋል። ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) እና የቤንዚኑን መጠን እዚሁ፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ያስተካክሉልዎ። በጠዋት ማስነሻ የሚዘጋው የአየር በርም ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ይዩ።

በአንድ ቀን ሁለት ነገር አያስቀይሩ፤ የትኛው እንደፈወሳት አያውቁም። አንዱን ያሠሩ፣ ከዚያው ማደያ ይቅዱ፣ በዚያው መንገድ ነድተው ደግመው ያካፍሉ።