የቆጣሪ ካርዱ ቶሎ ያልቅብን ነበር፣ እንዲህ ተፈታ

ካርድ ሞልተን ወሩ ሳይጋመስ ቆጣሪው መጮህ ይጀምራል። ግቢያችን ውስጥ ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ስለምንጠቀም ጥርጣሬው መጀመሪያ ወደ ፍሪጅ፣ ከዛ ወደ ቴሌቪዥን ሄደ፤ ጣት መጠቋቆምም አልቀረም። ነገሩ ግን ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ባለ 10 ዋት አምፖል 300 ሰዓት በርቶ የሚበላውን እሱ በ1 ሰዓት ይጨርሰዋል።

ከመጋገሩ በላይ የሚያናድደው ማጋሉ ነው። ሦስታችንም በየቀናችን ቀዝቃዛ ምጣድ ከዜሮ እናግል ነበር። አሁን በአንድ ቀን፣ በአንድ ምጣድ ተከታትለን እንጋግራለን፤ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ሊጧን ይዛ ትቀርባለች፣ ምጣዱ አይቀዘቅዝም (የሊጡን ቀን ማገጣጠም ትንሽ ጣጣ አለው፣ አልዋሽም)። የመጨረሻዋን እንጀራ ምጣዱን አጥፍተን በቀረው ሙቀት እናወጣታለን፤ ከዛ የተረፈ እንጀራ ካለ እዛው ላይ ድርቆሽ እናደርጋለን።

ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ስለሚጨምር፣ ቆጣሪ ለሚጋራ ሰው ይሄ ነገር በደንብ ያዋጣል። ሻጋታ ለምትፈሩ፣ እንጀራው በደንብ ሳይበርድ መሶብ ውስጥ አትክተቱት።