መብራቱ ሲደክም ባትሪው ላይ ብቻ አትፍረዱ

ማታ መኪናችሁን አቁማችሁ መብራቱ ደብዘዝ ብሎ ነዳጅ ስትሰጡ ቦግ ካለ፣ ባትሪ ልግዛ ብላችሁ አትሩጡ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዲናሞው (ሞተር ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው) ወይም እሱን የሚያዞረው የላላ ቺንጋ (ቀበቶ) ነው። እኔ አዲስ ባትሪ ገጥሜ በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ ቀርቻለሁ።

ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ካላችሁ ባትሪው ላይ ለኩ፤ ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ተነስቶ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። ተነስቶም 12 ላይ ከቀረ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ አይደለም።

ቁልፍ ስታዞሩ ‹ቀጭ› ብቻ ካለ መጀመሪያ የባትሪውን ጫፍ እዩ፤ ነጭ አመድ የመሰለ ነገር ይዞ ይሆናል። ስትፈቱ ኔጋቲቩን አስቀድሙ።

ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ አምፔሩ ከፍ ባለ አትተኩት፤ በሽቦ ማሰርማ እሳት መጥራት ነው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁ ዳር ይዛችሁ ሞተር አጥፉና ውረዱ።