ለንደን ላይ አውቶቡስና ባቡር ስትይዝ

«ወራጅ አለ!» ማለት የለመደ ሰው ለንደን አውቶቡስ ላይ አፉ ሥራ ይፈታል። መውረጃህ ሲቃረብ ምሰሶው ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጫን፣ በቃ። ረዳት የለም፤ ጥሬ ገንዘብም ከ2014 ጀምሮ አይቀበሉም (በፈረንጆቹ)። ስትገባ የባንክ ካርድህን ሂሳብ መቁረጫው ማሽን ላይ አንዴ ታስነካለህ።

የምድር ውስጥ ባቡር ግን ሌላ ነው። ስትገባም ስትወጣም አስነካ። መውጫው ላይ ከዘለልከው ከፍተኛውን ሂሳብ ይቆርጥብሃል። በስልክ ከገባህ በዚያው ስልክ ውጣ፤ ካርዱና ስልኩ ባንድ ሂሳብ ላይ ቢሆኑም ማሽኑ ለየብቻ ነው የሚቆጥራቸው። ይሄ እኔን ያናድደኛል።

ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ በቀኝ ቁም፤ ግራው ለሚቸኩል ነው። መንገድ ስትሻገር ደግሞ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እይ። ብዙ ቦታ አስፋልቱ ላይ ተጽፎልሃል።