የኮስት ሼሪንግ ዕዳን ከውጭ ሆኖ መዝጋት፦ ከብሩ ይልቅ ወረቀቱ ያስቸግራል

ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመርቃችሁ ከአገር ከወጣችሁ፣ አገር ቤት ያልተዘጋ ፋይል ሊኖራችሁ ይችላል። መንግሥት ለትምህርታችሁ ካወጣው ወጪ የእናንተን ድርሻ ከተመረቃችሁ በኋላ የምትከፍሉበት ዕዳ ነው። በደንቡ ስሙ የወጪ መጋራት ነው፤ ግቢ ውስጥ ግን ሁላችንም ኮስት ሼሪንግ ነው የምንለው። በየዓመቱ ምዝገባ ላይ ተሰልፈን፣ ፎቶ ለጥፈን የፈረምንበት ያ ቅጽ። አንብቦ የፈረመ ካለ እሱ ብርቅ ሰው ነው።

ዕዳው ለዓመታት ድምፁን አያሰማም። ማንም ደውሎ አይጠይቃችሁም። አንድ ቀን ግን ለማስተርስ ታመለክታላችሁ፣ ወይም የነርስነት ፈቃድ ትጠይቃላችሁ፣ ወይም ዱባይ ያለ ቀጣሪ የተረጋገጠ ዲግሪ አምጡ ይላል። በእጃችሁ ያለው ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ ዲግሪ) እና ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው የሚሰጥ የውጤት ቅጂ) ነው። ኦርጅናሉ ሬጅስትራር ቁጭ ብሏል፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ይላክልኝ ስትሉ ደግሞ መጀመሪያ የምትሰሙት ጥያቄ «ኮስት ሼሪንግ ጨርሰሃል?» የሚል ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስለ ብሩ ይጨነቃል። የእኔ ምክር ሌላ ነው፤ ብሩን ለጊዜው እርሱትና ወረቀቱ ላይ አተኩሩ።

ዕዳው ምን ያህል ነው?

ነገሩ የተጀመረው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91/1995 ነው። በኋላ ደንብ ቁጥር 154/2000 መጣ። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ከተመረቀ በኋላ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፍላል። ቆርጦ ለግብር ሰብሳቢው የሚያስገባው ቀጣሪው ነው። ኖን ካፌ (ከግቢው ካፌ የማይበላ) ለነበራችሁ፦ በየወሩ በእጃችሁ የተቀበላችሁት የምግብ ብርም ዕዳው ውስጥ አለ። ያ ብር የት እንደገባ እንኳን እኔ እናንተም አታስታውሱትም።

ዕዳው የተጻፈው በብር ነው፤ ነገሩን የሚያቀለውም ይህ ነው። 20,000 ብር ነው እንበል። በ2003 ዓ.ም. አንድ ዶላር 17 ብር ገደማ ሲመነዘር ይህ ከ1,100 ዶላር በላይ ነበር። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ ያው 20,000 ብር 200 ዶላር አይሞላም። ደመወዙን በብር ለሚያገኝ ሰው ዛሬም ትልቅ ገንዘብ ነው። ውጭ ለሚሠራ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሳምንት አስቤዛ ነው።

ከ1996 በፊት ተምራችሁ ከጨረሳችሁ፣ ወይም በግል ኮሌጅ ወይም በማታ ከኪሳችሁ እየከፈላችሁ ከተማራችሁ ይህ አይመለከታችሁም።

መጀመሪያ ለሬጅስትራር መጻፍ

ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ዕዳችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ ይኑራችሁ። ዘመድ «አጣርቻለሁ፣ ይሄን ያህል ነው» ቢላችሁ አይበቃም። ማህተም ያለበት መሆን አለበት። ለሬጅስትራር የምትጽፉት ማመልከቻ አጭር ይሁን፦

«በ1997 ዓ.ም. ገብቼ በ2001 ዓ.ም. ከሲቪል ምህንድስና ትምህርት ክፍል ተመርቄያለሁ። የመታወቂያ ቁጥሬ ይህ ነው። የወጪ መጋራት ዕዳዬ በየዓመቱ ተለይቶ በደብዳቤ እንዲገለጽልኝ፣ ክፍያውንም የት ገቢ ማድረግ እንዳለብኝ እንዲጻፍልኝ በትህትና እጠይቃለሁ።»

የመታወቂያ ቁጥሩን አትዝለሉት። ከስማችሁ ይልቅ ፋይላችሁን የሚያወጣው እሱ ነው። ዓመቱ ላይ ደግሞ «ዓ.ም.» የምትለዋን አስገቡ። አገር ቤት 2001 ማለት እዚህ 2009 ነው። ውጭ ያለ የቅበላ ቢሮ አንዱ ወረቀት ላይ 2001፣ ሌላው ላይ 2009 ሲያይ ፎርጅድ ነው ብሎ ሊጠረጥር ይችላል። ለውጭ የምትልኩት ነገር ሁሉ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ።

«በየዓመቱ ተለይቶ» የሚለውም ያለ ምክንያት አልገባም። አንድ ዓመት ዊዝድሮዋል (የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ) ሞልታችሁ ከነበረ፣ ወይም አንድ ሴሚስተር ኖን ካፌ ሆናችሁ ከነበረ፣ ድምሩን ብቻ አይታችሁ ስህተት አታገኙም።

ሠርተው ለወጡ፦ የተቆረጠው ብር የት ገባ?

ትልቁ ራስ ምታት እዚህ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ዓመት ሠርታችኋል እንበል። ደመወዛችሁ 4,000 ብር ነበር፤ በየወሩ 400 ብር ተቆርጧል። በ24 ወር 9,600 ብር። ከ20,000ው የሚቀረው 10,400 ነው። በእናንተ ሂሳብ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲው ግን ስለዚያ 9,600 ብር ምንም ወረቀት ካላየ፣ ለእሱ አልተከፈለም።

ከቀድሞ መሥሪያ ቤታችሁ የምትፈልጉት ደብዳቤ ሙሉ ስማችሁን፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደተቆረጠ፣ በወር ስንት እንደሆነና ጠቅላላ ድምሩን ይያዝ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብሩ ለየትኛው የገቢዎች ቅርንጫፍ ገቢ እንደተደረገ ይግለጽ፤ የደረሰኝ ቁጥር ካለበት ደግሞ ማን ይችላችኋል። «ሠራተኛችን ነበር፣ ወጪ መጋራት ይቆረጥበት ነበር» ብቻ የሚል ደብዳቤ ይዞ የሄደ ሰው መመላለሱ አይቀርም። ደብዳቤውን የሚጽፈው የሰው ሀብት ክፍል ነው፤ ቁጥሩ ያለው ግን ፋይናንስ ጋ ነው። ስለዚህ ወኪላችሁ ሁለቱንም በር ያንኳኳ። የድሮ ፔይስሊፕ በኢሜይል ካላችሁ ፈልጉት።

ቆርጦ ገቢ ያላደረገ ቀጣሪም አለ። የተዘጋ ድርጅትም አለ። እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር፦ ክርክሩ ውስጥ ያለው 9,600 ብር ከሆነና ኦርጅናሉ ለሥራ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ፣ እኔ ብሆን ድጋሚ ከፍዬ እገላገላለሁ። ያናድዳል፤ ልክም አይደለም። ግን የአጎታችሁን ልጅ ሦስት ወር ቢሮ ለቢሮ ከማንከራተት መቶ ዶላር የማይሞላ ገንዘብ ይሻላል። ገንዘቡ ከበዛ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ተከራከሩ።

አሁን ገና ለመውጣት እየተዘጋጃችሁ ላላችሁ፦ የሥራ መልቀቂያችሁን ስትወስዱ ይህን ደብዳቤ አብራችሁ ተቀበሉ። ቦሌ ከደረሳችሁ በኋላ ማሰብ ዋጋ የለውም።

መምህር ሆኖ ለመሥራት የሠለጠነ ሰው በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት የሚከፍልበት አሠራርም አለ። አስተምራችሁ ከሆነ ከትምህርት ቤቱ ወይም ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የአገልግሎት ደብዳቤ ያስፈልጋችኋል።

ውክልናው

ራሳችሁ የማትሄዱ ከሆነ ውክልና ግድ ነው። በአቅራቢያችሁ ባለው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይሠራል። አገር ቤት ሲደርስ መጀመሪያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይመዘገባል። ይህ ሳይደረግ ይዞት የሄደ ሰው «ይሄ አልተረጋገጠም» ተብሎ ይመለሳል።

የውክልናው ቃል ላይ ቆጥቡ አልልም። «ጉዳዬን ሁሉ እንዲያስፈጽም» የሚለው ጠቅላላ ነገር ሬጅስትራር ፊት አቅም ያጣል። አንድ በአንድ ይዘርዘር፦ የዕዳ መግለጫ ጠይቆ እንዲቀበል፣ እንዲከፍል፣ ክሊራንስ (ከዕዳ ነጻ የሚል ወረቀት) እንዲወስድ፣ ኦርጅናል ዲግሪዬን ፈርሞ እንዲረከብ፣ ትራንስክሪፕት እንዲላክ እንዲያመለክት፣ ሰነዶቹን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንና በውጭ ጉዳይ እንዲያረጋግጥ። አንዱ ከተረሳ ሌላ ውክልና፣ ሌላ የኤምባሲ ቀጠሮ፣ ሌላ የፖስታ ክፍያ ነው።

ከውክልናው ጋር የቴምፖራሪውን ዋናውን መላክ ሊያስፈልግ ይችላል። ኦርጅናል ስትወስዱ ቴምፖውን መልሱ ማለት የተለመደ ነው። ቀድማችሁ ስካን አድርጉት። ከጠፋባችሁ የፖሊስ ማስረጃ ሊጠየቅ ስለሚችል አስቀድማችሁ አጣሩ።

ዜግነት የቀየራችሁ፣ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው ስም ከዲግሪው ጋር ይመሳሰል እንደሆነ እዩት። የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ፣ ወይም አንድ ፊደል ተቀይሮ ይገኛል። ውክልናው ላይ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው ይጻፍ።

ማንን ትወክላላችሁ? እንደኔ ከቅርብ ዘመድ ይልቅ ግቢው ያለበት ከተማ የሚኖር፣ በሥራ ሰዓት መውጣት የሚችል ሰው ይሻላል። ጅማ ለተማረ ሰው አዲስ አበባ ያለች እህት ከምትንገላታ ጅማ የቀረ የድሮ ዶርም ጓደኛ ይቀላል። የትራንስፖርቱንና የኮፒውን ብር ደግሞ ሳይጠይቅ ላኩለት። አገር ቤት ያለ ሰው «አይ ችግር የለም» ይላል እንጂ ብር ላክልኝ አይልም።

«በሦስት ቀን ኦርጅናሉን አወጣለሁ» የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ በቴሌግራም ካገኛችሁ እለፉት። የሐሰት ክሊራንስ ሲጣራ ይያዛል፤ የሚበላሸው ደግሞ በእናንተ ስም ያለ ፋይል ነው።

ክፍያውና ከዚያ በኋላ

ብሩን በባንክ ወይም በሕጋዊ ሐዋላ ላኩ። በጥቁር ገበያ የምታተርፉት ልዩነት በዚህ መጠን ላይ የማክያቶ ዋጋ ነው፤ የላካችሁበት ማስረጃ ግን አይኖራችሁም። ደረሰኙ በተመራቂው ስም መቆረጡን ወኪሉ መስኮቱ ላይ ቆሞ ያረጋግጥ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ከፋዩ እሱ ስለሆነ በእሱ ስም ይቆርጡታል፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲው «ይሄ ማነው?» ይላል። ደረሰኙን እዚያው ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ከዚያ መከፈሉን የሚገልጸው ደብዳቤ ለዩኒቨርሲቲው ይደርሳል፤ ሬጅስትራርም ይለቃል።

ኦርጅናሉ ሲወጣ ወዲያው በፖስታ አታስልኩት። እዚያው እያለ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያረጋግጥ፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ፣ ካስፈለገም የምትኖሩበት አገር ኤምባሲ። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ላላችሁ ይህ ሰንሰለት ግድ ነው ማለት ይቻላል። አሜሪካና ካናዳ ላላችሁ ደግሞ ገምጋሚ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ የሚላክ ትራንስክሪፕት ነው፤ እናንተ ከፍታችሁ የላካችሁትን አይቀበሉም። የድሮው አለማያ ዛሬ ሐረማያ፣ የድሮው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ሐዋሳ ስለሆነ፣ የስም ለውጡን የሚገልጽ አንድ መስመር ደብዳቤው ላይ እንዲገባ ጠይቁ።

ዋስ ያለባችሁ

እስካሁን ያወራሁት ስለ ራሳችን ዕዳ ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆናችሁ ወይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ለትምህርት ተልካችሁ በዚያው የቀራችሁ ግን ሌላ ውል አለባችሁ። ደመወዝ እየተከፈላችሁ ተምራችኋል፤ ተመልሳችሁ ልታገለግሉ ፈርማችኋል። ከፊርማችሁ ሥር ደግሞ የዋስ ፊርማ አለ። ብዙ ጊዜ ባልደረባ ነው፤ «አንተማ ትመለሳለህ» ብሎ የፈረመ።

እናንተን ማግኘት ሲያቅት መሥሪያ ቤቱ የሚከሰው እሱን ነው። ፍርድ ቤት ከፈረደበት ከደመወዙ እስከ ሲሶው ሊቆረጥ ይችላል። ልጆች የሚያሳድግ ሰው፣ ባልበላው ዕዳ።

በዚህ ውስጥ ያላችሁ ከኮስት ሼሪንጉ በፊት ይህን አስቀድሙ። መጀመሪያ ለዋሱ ራሳችሁ ደውሉለት፤ ከፍርድ ቤት መጥሪያ አይስማው። ከዚያ ለመሥሪያ ቤቱ ሕግ ክፍል ጻፉ፦ የሚጠየቀው ገንዘብ በዝርዝር እንዲገለጽላችሁ፣ ያገለገላችሁት ጊዜ እንዲቀነስ፣ በየወሩ ከፍላችሁ የምትጨርሱበት ስምምነት እንዲደረግ። የጀመሩት ክስ ካለ ስምምነቱ ፋይሉ ውስጥ እንዲገባ ጠበቃ ያስፈልጋል። እስከዚያው ከዋሱ የተቆረጠ ካለ በየወሩ በባንክ ተኩለት። ጨርሳችሁ ስትከፍሉ ሁለት ደብዳቤ ጠይቁ፤ አንዱ ለእናንተ፣ አንዱ ዋሱ ከግዴታው ነጻ መሆኑን በስሙ የሚገልጽ። የእሱን ዋናውን ለእሱ አስረክቡት፣ ኮፒው እናንተ ጋ ይቅር።