የጌኮ ሆድ ሲታወክ፦ ድሬዳዋ ሌላ፣ ሐረር ሌላ

ከውጭ አገር የሚመጡ የጌኮ (ቤት ውስጥ በሳጥን የሚያዝ የእንሽላሊት ዓይነት) አያያዝ ምክሮች ብዙውን ጊዜ «ማሞቂያ ግዙ» ብለው ይጀምራሉ። ግንቦት ላይ ድሬዳዋ ውስጥ ይህን ቃል በቃል የሚከተል ሰው እንስሳውን ይጠብሳል። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር የገባ ደግሞ ያለ ማሞቂያ አይዘልቀውም። ሊዮፓርድ ጌኮ የሰውነቱን ሙቀት ራሱ አያመነጭም፤ የበላው የሚፈጭለት ከሆዱ ስር በሚያገኘው ሙቀት ነው። ስለዚህ ሆዱ ሲታወክ መድኃኒት ከመፈለግ በፊት ቴርሞሜትር ሳጥኑ ወለል ላይ ይቀመጥ። ሞቃቱ ጥግ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው ጥግ 25 ገደማ መሆን አለበት። (ግድግዳችን ላይ ትንኝ የሚያሳድዱት ሌሎች ናቸው፤ እነሱን ተዋቸው።)

የበላውን ያስመልሰዋል

ሐረር ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሌሊቱ ብርድ ነው። የጀጎል የድንጋይ ቤት ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ቀንም ቢሆን ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል፤ ያልተፈጨ ነፍሳት ሆድ ውስጥ ይበሰብስና ተመልሶ ይወጣል። ከሳጥኑ ወለል ሲሶ ያህሉ ስር ማሞቂያ ይነጠፍ፤ ያለ ቴርሞስታት (ሙቀቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ) ግን አይሰካ፣ ሆዱን ያቃጥለዋል። መብራት በጠፋ ሌሊት ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ከሳጥኑ ጎን ማስጠጋት ይቻላል።

ሙቀቱ ልክ ሆኖ ካስመለሰው የምግቡን መጠን እዩ። ፌንጣው በጌኮው ሁለት ዓይኖች መሀል ካለው ስፋት መብለጥ የለበትም። ካስመለሰ በኋላ ጥቂት ቀን ሆዱን አሳርፉት፤ ውሃ ግን አይለየው።

አይጸዳዳም፣ ሆዱ ተነፍቷል

ድሬዳዋ ላይ ይህን ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ አሸዋው ነው። የደቻቱ ወንዝ ቅርብ ነው፣ አሸዋው በነጻ ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ሲነጠፍም ያምራል። ጌኮው ፌንጣውን ሲነክስ አሸዋውንም አብሮ ይውጣል፤ ካልሲየም ያነሰው ደግሞ ሆን ብሎ ይልሰዋል። አንጀት ውስጥ ተጠራቅሞ መንገድ ይዘጋል። በቆዳው ስር ጠቆር ያለ ነገር ሊታይም ይችላል።

አሸዋውን አውጥታችሁ ሴራሚክ ወይም ሶፍት አንጥፉ። ጌኮውን 30 ዲግሪ ገደማ በሆነ፣ ሆዱን ብቻ በሚነካ ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት አቆዩትና ወደ ሞቃቱ ጥግ መልሱት። ዘይት በአፉ አታንቆርቁሩ፤ ሳንባው ከገባ ሌላ በሽታ ነው። የኋላ እግሮቹ ከሰነፉ ወይም አንጀቱ ወደ ውጭ ከወጣ የቤት ሙከራ እዚህ ላይ ያበቃል፤ የወጣውን በንጹህ ውሃ እያራሳችሁ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። ካገገመ በኋላ ምግቡ ላይ የካልሲየም ዱቄት መነስነስ አይዘንጋ።

አይበላም፣ አፉን ከፍቶ ያለከልካል

ይህ የቆርቆሮ ጣሪያ ስር ያለ ሳጥን ነው። የክፍሉ አየር 35 ዲግሪ ሲያልፍ መሸሻ ያጣል። ማሞቂያውን ንቀሉ፣ ሳጥኑን ከጠረጴዛ አውርዳችሁ ሲሚንቶ ወለል ላይ አድርጉት፣ የተሰበረ ገንቦ መደበቂያ ይሁነው። በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ ከሳጥኑ ውጭ በአንድ ጎን ብቻ ይጠጋ። እንስሳውን በረዷማ ውሃ ውስጥ መንከር ግን አይገባም። ምግብ ሲመሽ ይሰጥ።

ከሰገራው ጋር የሚወጣው ነጭ ክፍል ቢጫና ደረቅ ከሆነ ውሃ ጎድሎታል። እርጥብ ሶፍት ያለበት ዝግ መደበቂያ ጨምሩለት።

ይበላል፣ ጅራቱ ግን ይቀጥናል

ስቡን የሚያከማቸው ጅራቱ ላይ ስለሆነ ይህን ምልክት አትናቁ። ከደጅ የተለቀሙ ነፍሳት ጥገኛ ተውሳክ ያመጣሉ፤ ጸረ ተባይ ከተረጨበት የጫት ማሳ የተያዘ ፌንጣ ደግሞ መርዝ ነው። በቤት የተራባ ፌንጣ ይሻላል።

ትኩስ ሰገራ በንጹህ ዕቃ ይዛችሁ ማይክሮስኮፕ ወዳለበት የእንስሳት ክሊኒክ ሂዱ። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱ ከተሞች መሀል ነው። በተለይ ክሪፕቶስፖሪዲየም ስለሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ ጠይቁ። አስተማማኝ ፈውስ የለውም፣ ከአንዱ ጌኮ ወደ ሌላው ይዛመታል፣ በረኪናም አይገድለውም። የታመመውን ለብቻው አድርጉ፣ ዕቃውን በፈላ ውሃ ቀቅሉ፣ መቀቀል የማይችለውን የእንጨት ዕቃ አቃጥሉት። ወደ ሰው የሚተላለፍ ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያም ስላለ እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ ምግብ አትንኩ።